ትናንት ይሠራ ነበር

የቤንዚን ሞተር በራሱ መነሳት አይችልም። ስለተበላሸ ሞተር መናገሬ አይደለም፤ ትናንት ከፋብሪካ የወጣውም ያው ነው። ፒስተኑ አየርና ቤንዚን ስቦ የሚያምቀው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ያ የታመቀ ድብልቅ ሲቃጠል የሚሰጠው ጉልበት ነው። እንግዲህ እንዲንቀሳቀስ አስቀድሞ መንቀሳቀስ አለበት። ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ባለ አራት ምቱን ሞተር ለሥራ ሲያበቃ ይህም ጣጣ አብሮ ተወለደ። ከአራቱ ምቶች ጉልበት የሚያወጣው አንዱ ነው፤ ሦስቱ የሚኖሩት ካለፈው ቃጠሎ በተረፈ ጉልበት ነው። የመጀመሪያው ዙር ግን ከኋላው ያለፈ ቃጠሎ የለውም፤ ስለዚህ ጅማሬው ሁልጊዜ ከውጭ የመጣ ብድር ነው።

አርስቶትል የሚንቀሳቀስ ሁሉ በሌላ አንቀሳቃሽ ይንቀሳቀሳል ብሎ ሲሟገት በሐሳቡ የነበሩት ሰማያትና ሕያዋን ፍጥረታት ናቸው። ሙግቱ ለሰማያት ይሠራ እንደሆነ ከእሱ ወዲህ የመጡ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ኖረዋል። ለሞተር ግን ያለ ክርክር ይሠራል። እኔን የሚገርመኝ ይህ እውነት መኪናው እየሄደ ሳለ ጨርሶ አለመታየቱ ነው። ሞተር አንዴ ከተነሳ፣ ነዳጅ እስካገኘ ድረስ፣ ራሱን በራሱ የሚያኖር ይመስላል። የተበደረውን ጅማሬ ማንም አያስበውም። የሚያሳስበን አልነሳም ያለበት ጠዋት ነው።

በርታ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1888 ለባሏ ለካርል ሳትናገር ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳቷ፣ በመንገድ ላይ የተደፈነውን የነዳጅ ቱቦ በባርኔጣዋ መርፌ መጥረጓ፣ የተላጠውን ሽቦ በካልሲ ማሰሪያዋ መሸፈኗ፣ ነዳጅ ከመድኃኒት ቤት መግዛቷ ተደጋግሞ ይነገራል። ብዙም የማይወሳው የነዳችው ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ከኋላው የተጋደመውን ትልቅ መዘውር በእጅ እያሽከረከሩ ማስነሳት ግድ እንደነበር ነው። በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባም የዘመኑ የቤንዚን መኪኖች የሚነሱት ከፊታቸው በሚሰካ የብረት እጀታ፣ በክንድ ጉልበት ነበር። ሞተሩ ያለ ጊዜው ከተኮሰ እጀታው ወደ ኋላ ይወረወርና አንጓ ይሰብራል።

ይህን የክንድ ሥራ ለኤሌክትሪክ የሰጠው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ነው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ ተገጥሞ ለገበያ ወጣ። ኬተሪንግ ቀደም ሲል የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ሲያደርግ አንድ ነገር ተረድቶ ነበር፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሠራ ሞተር ቀኑን ሙሉ ሊሸከመው የማይችለውን ጭነት ለዚያች አፍታ ሊሸከም ይችላል። የዛሬው ሞተር ማስነሻ፣ ሞተሪኖ የምንለው፣ ከዚያ ሐሳብ የተወለደ ነው። ሲፈጠር ጀምሮ ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ቶሎ እንዲያርፍ የታሰበ ነው። ቁልፉን ጨምድዶ ሳይለቅ ግማሽ ደቂቃ የሚያቆይ ሰው ይህን ቢያውቅ ይራራለት ነበር።

ባትሪ ሲደክም ደግሞ ሰው ወደ ክንዱ ይመለሳል። ማታ ማታ ቁልቁለት ፈልገው የሚያቆሙ የቮልስና የላዳ ባለቤቶች አዲስ አበባ ያውቃቸዋል፤ ሞተሪኗቸው ቁልቁለቱ ነበር። ሜዳ ላይ ከሆነ አላፊ አግዳሚው ይጠራል። ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ትከሻውን ይሰጣል፤ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ሞተሩ አስሎ ይነሳል፤ ገፊው እጁን አራግፎ መንገዱን ይቀጥላል። ይህን ነገር እወደዋለሁ፤ በከተማችን ውስጥ ያለ ውል ያለ ክፍያ የሚሰጥ እርዳታ ይህ ብቻ እንኳ ቢቀር ብዙ ነው። ነገር ግን መግፋት ጅማሬን ያበድራል እንጂ ምክንያትን አይነካም። መኪናው ያልተነሳበት ምክንያት አብሮት ይጓዛል፤ ማታ ሞተሩ ሲጠፋ እዚያው ይገኛል።

መካኒክ ፊት የቆመ ባለመኪና ሁሉ የሚላት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ "ትናንት ይሠራ ነበር።" እውነቱን ነው። ይሁን እንጂ ትናንት ያየው መሄዱን ነው፤ መሄድና መነሳት ደግሞ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ሞተር ሲሄድ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞው ነው፤ ባትሪው ያን ጊዜ ሰጪ መሆኑ ቀርቶ ተቀባይ ይሆናል። በጣም የደከመ ባትሪ የተሸከመ መኪና ከመርካቶ እስከ አቃቂ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊሄድ ይችላል። ጠዋት አንድ ጊዜ እንደምንም ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ጤነኛ ነው። መሄድ የመነሳትን ድካም ይሸፍናል፤ በሸፈነው መጠንም ብልሽቱ በድንገት የመጣ ይመስላል። ለወራት ሲዳከም የኖረ ነገር ለባለቤቱ የአንድ ሌሊት አደጋ ሆኖ ይታየዋል።

ጊዜው ብቻ ሳይሆን ቦታውም ያታልላል። ባትሪን አብዝቶ የሚጎዳው ሙቀት ነው። የድሬዳዋ ወይም የአዋሽ ሙቀት በውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሰሌዳዎች ዝገት ያፋጥናል፣ ውሃውን ያተናል። ይኸው ሙቀት ግን ዘይቱን ያቀጥናል፣ የባትሪውንም ኬሚካል ያነቃቃል፤ ስለዚህ በሚጎዳበት ሰዓት ጉዳቱን ይደብቃል። መኪናው ደብረ ብርሃን ወጥቶ የኅዳር ሌሊት ሲያድርበት ዘይቱ ይወፍራል፣ ሞተሩ ለመዞር የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል፣ ባትሪው የሚሰጠው ደግሞ ይቀንሳል። ጠዋት አልነሳም ሲል ሰው ሁሉ ብርዱን ይረግማል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ የዚህኛው ነገር ሥር ግን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ወቅት ተተክሎ የቆየ ነው። ብርዱ ጠየቀ፤ ሙቀቱ አስቀድሞ የበላውን ባትሪው መመለስ አቃተው።

መኪና ሳይነሳ ሲቀር ከመሣሪያ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ስም ነው። "ሞተሪኖ ነው።" "ባትሪ ነው።" "ካንዴላ ነው፤ የኔም እንዲህ አድርጎኝ ነበር።" ስም ማውጣት ልብን ያሳርፋል፤ ያልታወቀው ነገር የታወቀ ይመስላል። ከዚያ ሶማሌ ተራ ተሂዶ ያገለገለ ሞተሪኖ ተከራክሮ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ መኪናው ይነሳል። ታዲያ ሞተሪኖውን ለመፍታት መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይነቀላል፤ ሥራው ሲያልቅ ገመዱ ተመልሶ ጠብቆ ይታሰራል። ጥፋቱ የላላው ገመድ ከሆነ መኪናውን ያስነሳው ያ ማጥበቅ ነው፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን አዲሱ ሞተሪኖ ነው፤ ደህናው ተወርውሮ ይቀራል። ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ በዚያች ሰዓት የተወለደው የሐሰት እውቀት ነው። ባለመኪናው ነገ ጎረቤቱ ሲቸገር በሙሉ ልብ "ሞተሪኖ ነው" ይላል፤ ማስረጃም አለው፤ በዐይኑ አይቷል።

የአንድምታ መምህራን አንዱን ኃይለ ቃል "አንድም… አንድም…" እያሉ ሲያፍታቱ ትርጓሜዎቹ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሁለተኛው አንደኛውን አያፈርሰውም፤ የመጽሐፉ ቃል ሰፊ ነውና ሁሉንም ይይዛል። ጥሩ መካኒክም በ"አንድም" ይጀምራል፤ አንድም ባትሪ ነው፣ አንድም ገመድ፣ አንድም ሞተሪኖ፣ አንድም ቁልፉ። በዚህ ደረጃ ለአንዱ አለማድላት ትልቅ ሥነ ምግባር ነው፤ ሰው የራሱን ግምት ቶሎ ይወድዳልና። ከዚህ በኋላ ግን መንገዱ ከመምህራኑ ይለያል። የመካኒኩ ትርጓሜዎች አብረው ሊኖሩ አይችሉም። እያንዳንዱን "አይደለም" ሊለው የሚችል ፈተና ማግኘት አለበት፤ "አይደለም" ማለት የማይችል ፈተና ጊዜ ማጥፊያ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ጆሮ ነው። ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ከሌለ ትእዛዙ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰ ይሆናል፤ ቁልፉ፣ ፊውዙ፣ አውቶማቲክ ከሆነም የማርሹ ቦታ ይታያል። ፈጣን "ጠጠጠጠ" ከተሰማ በሞተሪኖው ላይ ያለው ማግኔት ይስባል፣ በዚያው ቅጽበት ቮልቱ ይወድቃል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ቮልቱ ያንሰራራል፣ እንደገና ይስባል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ቋንቋ ነው። አንድ ከባድ "ጣ" ብሎ ዝም ካለ ግን ነገሩ ጠለቅ ይላል።

እንዲህ ያለ "ጣ" ያሰማ አሮጌ ኮሮላ ቄራ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ሲፈተሽ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ኤሌትሪሻኑ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ሽማግሌው ሞተሪኖው እንዲፈታ ወስነው ነው የመጡት።

"ባትሪው ገና አዲስ ነው የኔ ልጅ። መብራቱም ይኸው፣ ፍንትው ብሎ ይበራል።"

"አየሁት ጋሼ። ባትሪውንም ምንም አላልኩት።"

ቮልት መለኪያውን ባትሪው ላይ አሳረፈ፤ 12.5 አነበበ። ለባለ 12 ቮልት ባትሪ ይህ ደህና ቁጥር ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተሞላው 12.6 አካባቢ ያሳያልና። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እንግዲያውስ ሞተሪኖው ነው ማለታቸው ነው። ወጣቱ ግን የመለኪያውን አንዱን ጫፍ በባትሪው የእርሳስ ጉጥ አናት ላይ፣ ሌላውን ጉጡን አቅፎ በያዘው የገመድ ማሰሪያ ላይ አደረገ። በሁለቱ መካከል የጥፍር ያህል እንኳ ርቀት የለም። መለኪያው ዜሮ አለ።

"ጋሼ፣ ይግቡና ቁልፉን ይዙልኝ። እስክነግርዎ እንዳይለቁት።"

"ጣ" አለ። መለኪያው ከ5 ቮልት በላይ አሳየ።

"ይበቃል ጋሼ፤ ይልቀቁት።"

በዚያ የጥፍር ርቀት ውስጥ ከባትሪው ኃይል ግማሽ የሚጠጋው ሲቀር አየን። ጉጡና ማሰሪያው የተነካኩ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ግን ነጣ ያለ ቅርፊት ገብቶ ለያይቷቸዋል። ጌዮርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ነገሩን ያስረዳል፤ በአንድ ማለፊያ ላይ የሚጠፋው ቮልት የማለፊያው ተቃውሞ በሚያልፈው አምፔር ተባዝቶ ነው። ተቃውሞው 0.04 ኦም ይሁን እንበል፤ እዚህ ግባ የማይባል ነው። የ5 ዋት አምፖል የሚፈልገው 0.4 አምፔር ያህል ነው፤ ያ ሲያልፍ የሚጠፋው ከ0.02 ቮልት ያንሳል፤ መብራቱ ፍንትው ይላል። ሞተሪኖው ግን 150 አምፔር ሊጠይቅ ይችላል። ይህን በዚያው ቅርፊት ለማሳለፍ 6 ቮልት ይጠፋል፤ ስለዚህ የተጠየቀው ያህል አያልፍም፤ ሞተሪኖውም ማግኔቱን ስቦ ይቀራል። የእንጨት ድልድይ እግረኛ ስላሳለፈ የጭነት መኪና ያሳልፋል አይባልም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ስለ መኪና ካወቅሁት ሁሉ ከዚህ የበለጠ ያስተማረኝ የለም። የሽማግሌው ማስረጃ ሐሰት አልነበረም። መብራቱ በርቷል። ባትሪው 12.5 ቮልት አለው። ማሰሪያው ሲታይ የታሰረ ነው፤ መለኪያውም መጀመሪያ ላይ ዜሮ ብሏል። እያንዳንዱ እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ግን የተገኘው መኪናው ምንም ሳይጠየቅ ወይም ጥቂት ብቻ ተጠይቆ ሳለ ነው። ጥፋቱ የሚኖረው በጥያቄው ውስጥ ነው፤ ጥያቄው ሲነሳ ይታያል፣ ጥያቄው ሲወርድ ይሰወራል። ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ በመቶ መሣሪያ ቢፈለግ አይገኝም። ከአንድ መኪና ዕለታዊ ኑሮ ውስጥ ደግሞ ከመነሳት የበለጠ ከባድ ጥያቄ የለም፤ በዚያች ሰከንድ የሚፈሰው አምፔር በቀሪው ቀን አንድ ጊዜ እንኳ አይፈስም። ለዚህ ነው የመኪና ኤሌክትሪክ እውነተኛ ሁኔታ የሚታወቀው በጅማሬ ላይ የሚሆነው፤ ለዚህም ነው ሳይጠየቁ ደህና መስለው የቆዩ ነገሮችን እንደ ደህና መቁጠር የማይገባን።

ወጣቱ የኔጌቲቩን ማሰሪያ አስቀድሞ ፈታ፤ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ ብልጭታ እንዳይፈጠር ነው። ጉጦቹንና ማሰሪያዎቹን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ፈተጋቸው፣ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጠባቸው፣ አድርቆ አሰራቸው፣ ከላይ ግሪስ ቀባቸው። ሽማግሌው ቁልፉን አዞሩ፤ ተነሳ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው አለቀ ይላል። ወጣቱ ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና እያስነሱለት በዚያው ቦታ ለካ፤ አሁን ከ0.2 ቮልት በታች ነው። ከዚያ ጥቁሩ የኔጌቲቭ ገመድ ከሞተሩና ከቦዲው ጋር የሚታሰርበትን ለካ። በመጨረሻም ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት አካባቢ መድረሱን አየ፤ ዲናሞው ይሞላል ማለት ነው። መነሳቱ የመኪናው መልስ ነበር፤ ሁለተኛው ልኬት ደግሞ የነገሩ መንስኤ በእርግጥ ያ ቅርፊት እንደነበር የሰጠው መልስ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሶማሌ ተራ የተገዛው ሞተሪኖም እኮ መኪና ያስነሳል።

ሞተሪኖው ቀልጠፍ ብሎ እየዞረ ሞተሩ አልያዝ ካለ ምርመራው ወደ ሌላ ክፍል ይሻገራል፤ ነዳጅ፣ እሳት፣ እመቃ። ቁልፉ ሲከፈት ከኋላ ወንበር በታች ለሁለት ሰከንድ ያህል የነዳጁ ፓምፕ ሲያጉረመርም ይሰማል ወይ? ካንዴላው ተነቅሎ ሲታይ በቤንዚን ርሷል ወይስ ደርቋል? እርጥብ ከሆነ ነዳጁ ደርሷል፣ ምናልባት እሳቱ የለም። የሞተሩ አዟዟር ከወትሮው ፈጠን ብሎ፣ ያለ ምት፣ ወጥ ከሆነ የታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደጋግሞ ማዞር በአንዳንድ ሞተር ፒስተኑን ከቫልቭ ያጋጫል። ዘመናዊ መኪና ላይ ኮምፒውተር ተሰክቶ ኮድ ይነበባል፤ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ሆኖም ኮዱ "የክራንክ ሻፍቱ ሴንሰር ምልክት አልደረሰኝም" ሲል ያለው ያንን ብቻ ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቷል አላለም። ሽቦው ተበጥሶ፣ ሶኬቱ ላልቶ ወይም ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ሴንሰር ተገዝቶ፣ ተቀይሮ፣ ኮዱ ተመልሶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ዋሸ የሚሉ አሉ። ኮምፒውተሩ የሰማውን ተናገረ፤ ያላለውን የጨመርነው እኛ ነን።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በጎዳናችን በርክቷል። እነዚህ መኪኖች ሞተሪኖ የላቸውም፤ የሚታመቅ ድብልቅ የለም፣ ካንዴላ የለም፤ ሞተራቸው ከቆመበት ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል። ያ የኦቶ ጣጣ ያበቃ ይመስላል። ግን በአብዛኞቹ ውስጥ ከትልቁ ባትሪ ሌላ አንዲት ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለች። መኪናው ሲቆም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የያዘው ትልቁ ባትሪ ለደኅንነት ሲባል ከሌላው አካል ይለያል፤ መልሰው የሚያገናኙት ማብሪያዎች የሚንቀሳቀሱት ደግሞ ከትንሿ ባትሪ በሚመጣ ኃይል ነው። ትንሿ ከሞተች ለመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚበቃ ጉልበት ሞልቶ ተቀምጦ መኪናው አይነቃም፤ አንዳንዱ በሩን እንኳ በሪሞት አይከፍትም። የቤንዚን ሞተር ራሱን ማስነሳት ያልቻለው በተፈጥሮው ነው። ይኸኛው ግን እንዳይችል ሆኖ የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለ ኃይል ሁልጊዜ ነቅቶ ቢያድር አደገኛ ስለሆነ መሐንዲሶቹ ጅማሬውን ሆን ብለው ከእሱ ነጥቀው ለደካማዋ ሰጡ። ይህ ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ፤ በአደጋ ጊዜ ሕይወት የሚያተርፈው ያ መለያየት ነው። ስለዚህ ሞልቶ ሳለ አልነቃም ያለ የኤሌክትሪክ መኪና የቀረበለት ኤሌትሪሻን ትልቁን ባትሪ ከመጠርጠሩ በፊት ትንሿን ይለካ፤ ሲለካም መኪናው እንዲነቃ እየታዘዘ ሳለ ይሁን።